ከላምበረት እስከ ሸዋ ሮቢት፦ መሬቱን የሚጎትተው ምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ታኅሣሥ 2017 ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ አላርፍ ባለበት ሰሞን። አዲስ አበባ ድረስ አምፖል ይወዛወዝ ነበር። እኔም እንደ ሁልጊዜው ሰሌዳው ላይ ድስት ሣልኩ። ከሥሩ እሳት፣ ውስጡ የሚዞሩ ቀስቶች፣ ላዩ ላይ ተንሳፋፊ ክዳኖች። የሚፈላው ማንትል ነው፣ ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም ክፍል። ክዳኖቹ ፕሌቶቹ ናቸው፣ የምድር ጠጣር ሽፋን የተከፋፈለባቸው ትልልቅ ቁራጮች። ቀስቱ ክዳኑን ይዞት ይሄዳል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነው ያስተማርኩት።

ልጅቷ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የፓስፊክ ፕሌት በዓመት ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ይሄዳል ብለውናል። አፍሪካ ግን ሁለት ብቻ። የእኛ ድስት እሳቱ አንሶ ነው? ካነሰ ታዲያ ኤርታ አሌ ከየት መጣ?"

መልስ አልነበረኝም። "አንብቤ እመለስበታለሁ" አልኳት። አነበብኩ። ማታ ማታ፣ ሁለት ወር ያህል። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ደግሞ ያነበብኩትን በዓይኔ ማየት አማረኝ። ደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አለች። ስልክ ደወልኩላት፣ "ነይ እንጂ! ለቅበላ ነይ" አለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 12፤ ከላምበረት እስከ ደብረ ብርሃን

የሰማዕታት ቀን ስለነበር ላምበረት መናኸሪያ በሰው ተሞልቷል። ሚኒባስ 400 ብር። ከታሪፉ በላይ ነው፣ ግን ያን ቀን የተከራከረ አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "መንገዱ ሰላም ነው?" ረዳቱ "እስካሁን ሰላም ነው" ይላል። በየመሃሉ ለፍተሻ ወረድን፣ ተሰለፍን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተመልሰን ገባን። ሸኖ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ገዙ። የመኪናው ሽታ እስከ ጫጫ ድረስ ተለወጠ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ፀሐይ አለች፣ ግን ነፋሱ ቆዳ ይገባል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባ ብርድ ነው የምንል ሰዎች እዚህ መጥተን ማየት አለብን።

የጓደኛዬ እናት ቤት ከከተማው ዳር ነው። እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም "ልጄ" ይሉኛል። ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ምስር ወጥ በገብስ እንጀራ ቀረበ። ከላዩ የተቆላ ባቄላና ገብስ። የገብሱ እንጀራ እንደኛ ጤፍ አይሳብም፣ ይቆረሳል፣ ግን ሆድ ይይዛል። ከራት በኋላ እትዬ በትንሽ ብርጭቆ አረቄ ቀዱልኝ። "ለብርዱ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም፣ ቅመሺ።" ቀመስኩ። እስከ ጆሮዬ ነደደ።

የተሰጠኝ አልጋ የድሮ የሽቦ አልጋ ነው፣ ከፍ ያለ። ከላይ የመንዝ ዝተት ደረቡልኝ። ዝተት ለማያውቅ፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም መደረቢያ ነው። አንዱ ለሁለት ሰው ሸክም ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ሳላስተውል በአንድ ጎን አብዝቼ ለቅቄዋለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነቃሁ። ዝተቱ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ነው። አልተገላበጥኩም፣ አልገፋሁትም። በራሱ ነው የወረደው።

ጠዋት ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁ። "ዝተት እንዲህ ነው። ጫፉ ከወረደ ሌላውን ይዞት ይወርዳል። በግድግዳው በኩል አጥፈሽ ማስገባት ነበረብሽ።"

እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ወር ሳነብ የነበረውን እትዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ዝተቱን መልሼ አነጠፍኩት። አንድ ስንዝር ያህል ጫፍ አንጠለጠልኩ። ምንም አልሆነም። ክንድ ያህል አደረግሁት። አሁንም ቆመ። ሁለት ክንድ ሲሞላ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ጨርቁ አንሶላውን ሲያሽ ይሰማል። የተንጠለጠለው በረዘመ ቁጥር ግን ክብደቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱም ጨመረ። ከኋላ የገፋው ማንም የለም። ከሥሩ ያለው አልጋም አልተንቀሳቀሰም። የጎተተው የራሱ የወረደው ጫፍ ነው።

የውቅያኖስ ፕሌቶችም ከሁሉ በላይ የሚሄዱት በዚህ ነው። በውቅያኖስ መሃል ባለው ስንጥቅ ላይ አዲስ የባሕር ወለል ይወለዳል። ያኔ ትኩስ ነው፣ ቀላል ነው። ከስንጥቁ እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ይወፍራል፣ ይከብዳል። ብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት ሲያልፉ ከሥሩ ካለው ማንትል ይልቅ እሱ ይከብዳል። ጥልቅ ገደል ያለበት ቦታ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ይሰምጣል። ሲሰምጥ የሚያገኘው ግፊት አለቱን ራሱን ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ወደ ከበደ አለት ይለውጠዋል። የሰመጠው ጫፍ በሺህ ኪሎ ሜትር የሚለካውን ቀሪውን ፕሌት ይጎትታል።

ታዲያ የማንትሉ መዞር ውሸት ነው? አይደለም። ማንትሉ ይዞራል። ሰሌዳዬ ላይ የተሳሳተው ማን ማንን እንደሚያንቀሳቅስ ነው። ፕሌቱ የመዞሩ ቀዝቃዛ ጫፍ ነው፣ የመዞሩ አካል ነው። ድስቱ ክዳኑን ከመሸከም ይልቅ ክዳኑ እየሰመጠ ድስቱን ያማስለዋል። ይህን ስረዳ የተሰማኝን ደስታ ለማንም በቅጡ ማስረዳት አልችልም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13፤ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ነው። የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም አሮጌ ፒክአፕ አለው። ጋሼ እንለዋለን፣ እሷም እኔም። እሱ ለሥራ ሊሄድ ነበርና ይዞን ሄደ። ገብስ የታጨደበት ሜዳ፣ በድንጋይ ካብ የታጠሩ ግቢዎች፣ በርኖስ የደረቡ እረኞች። ሜዳው የሚያልቅ አይመስልም። ከዚያ አንድ ኩርባ ላይ ድንገት አለቀ። ከፊታችን ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ወጣን። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። አናቱ ላይ ስንደርስ ጉም ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ጉሙ ተገለጠና ምሥራቁ ታየ። አንዱ ሸንተረር ከሌላው በታች፣ ሌላው ከእሱም በታች፣ እንደ ደረጃ ወደ አዋሽ ሜዳ ይወርዳሉ። ከሥዕል ይልቅ እዚህ ይገባል። እነዚህ ደረጃዎች ውኃ ብቻ የቀረጻቸው ተራሮች አይደሉም። ትልልቅ የመሬት ብሎኮች ናቸው፣ በስንጥቅ በስንጥቅ ተለያይተው ወደ ስምጥ ሸለቆው የወረዱ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ ዶፈን አለ።

ምሳ የበላንበት ቤት ባለቤቷ እትዬ፣ ሐሙስ ስለሆነና ቅበላ ስለሆነ፣ የበግ ጥብስ በ350 ብር አቀረቡልን። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ግማሹን አላገኝም። ስለ መንቀጥቀጡ ጠየቅኳቸው። "ባለፈው ዓርብ ሌሊት ብርጭቆው ሁሉ ተንጫጫ። ልጆቹን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ብርዱ ደግሞ ጠላት ነው። ምን ይሻላል? ቤት ውስጥ ብንሞት ወይስ ደጅ?" የካቲት 7 ሌሊት የደረሰው መጠኑ 6.0 ነበር። ከመስከረም ወዲህ በዚያ አካባቢ ከደረሱት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። የማድቤታቸው ግድግዳ ላይ ጭቃው ተሰንጥቆ አየሁት። ጣቴ ገባ።

ከውጭ አንድ ልጅ የባሕር ዛፍ ግንድ ይፈልጥ ነበር። መጥረቢያው አልበግር ሲለው የብረት ሽብልቅ ሰካበትና መታው። ግንዱ ጠሽ ብሎ ተከፈለ። ለእትዬ ያን አሳየኋቸው። የዘንድሮው ነገር እንደዚያ ነው። አካባቢው ለብዙ ዘመን ሲወጠር ኖሯል። አሁን ከጥልቅ የወጣ ቅልጥ አለት በስንጥቁ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገባ። በገባ ቁጥር አለቱ ይሰበራል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ አፋር ውስጥ ደባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ የሆነው እንዲህ ነበር። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር።

"የወጠረውስ ማነው?" አሉ እትዬ።

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። እንደ ተማሪዬ ነው የጠየቁት። ያን ቀን ግን ጋሼ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ እየነፋ ስለነበር በሩጫ ተለያየን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዓርብ፣ የካቲት 14፤ ጣርማበርና ደብረ ሲና

ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን አይቶ ከተማውን እዚህ እንደመሠረተ ይነገራል። በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ኮከብ እንደሆነ የሚያስቡ አሉ። ለእናቴ አሥር ጧፍ ገዛሁ። ዋናው ሰም ነው፣ ንብ ንብ ይሸታል። ጋሼ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሽንኩርትና ማሾ ሊጭን ስለነበር ይዞን ወረደ። ጧፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ አስቀመጥኩት።

ከጣርማበር ዋሻ በፊት መኪናው ቆመና ወረድን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ጭላዳዎች መንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ፣ ለሰው ቁብ አይሰጡም። ከእግራችን ሥር ያለው ጥቁር አለት ስሙ ራሱ ጣርማበር ነው። የአገራችንን ድንጋይ ያጠኑ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አንዱን የእሳተ ገሞራ አለት ክፍል "የጣርማበርና መገዘዝ" ብለው ይጠሩታል። የሸዋ ሁለት ተራሮች በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግረው ድንጋዩን በጫማው መታ መታ አደረገና፣ "እኔ እኮ እዚህ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ" አለ።

ከዚህ ነጥብ በስተምዕራብ የዘነበ ውኃ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተምሥራቅ የዘነበው አዋሽ ይገባል፣ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። አፍሪካ እዚህ ጋ ጠርዝ አላት።

ዋሻውን ጣልያኖች ናቸው የሠሩት፣ በወረራው ዘመን። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። ጨለማው ውስጥ ጋሼ ጠየቀኝ። "ይህን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማነው? አገር ይሄዳል ብሎ?"

ስለ አልፍሬድ ቬገነር ነገርኩት። ጀርመናዊ ነው፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪ። በ1912 እ.ኤ.አ. አህጉራት አንድ ነበሩ፣ ኋላ ተለያዩ አለ። የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ዳርቻ መግጠሙን፣ ቅሪተ አካሉንና አለቱን ማስረጃ አደረገ። "ምን ያንቀሳቅሳቸዋል?" ሲባል ግን በቂ መልስ አልነበረውም። የምድር መሽከርከርና የጨረቃ ስበት ነው አለ። ሌሎቹ አሰሉና ኃይሉ እጅግ ትንሽ መሆኑን አሳዩ። ብዙዎች ሐሳቡን ጣሉት። በ1930 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ፣ አብዛኞቹ ሳይቀበሉት። እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ ማንትሉ በሙቀት ሊዞር ይችላል ያለውም በዚያው ዘመን ነው። የባሕሩ ወለል ተጠንቶ ነገሩ የተረጋገጠው ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

"ምስኪን" አለ ጋሼ፣ ከልቡ። ከዋሻው ወጣን።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሸተተ። ጋሼ በአንደኛ ማርሽ ነበር የሚወርደው፣ ያም ሆኖ ሸተተ። ሳናስበው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ክሪኩ አልነሳም አለ፣ ከአንድ አይሱዙ ሹፌር ተዋስን። ደብረ ሲና ላይ ጎሚስታው 200 ብር ተቀበለን። ሲሠራ የቆላ ነፋስና የደጋ ነፋስ በተራ ይመጣብን ነበር። ልጆች ቆሎ በስኒ እየሰፈሩ በመስኮት ይሸጣሉ፣ ስኒው 20 ብር።

እየጠበቅን ሽሮ አዘዝን። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። ቶክ፣ ቶክ ይላል። ጓደኛዬ "ይኸውልሽ ድስትሽ" አለችኝ። አዎ፣ ሰሌዳዬ ላይ የምስለው ይህንን ነበር። እዚህ ላይ ሁለተኛው ስሕተት አለ። ሽሮ ፈሳሽ ነው። ማንትል ግን ፈሳሽ አይደለም፣ አለት ነው። የሚታወቀው ደግሞ በራሱ በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከሚነሱት ሞገዶች አንዱ ዓይነት ጎንና ጎን እያወዛወዘ የሚሄድ ነው። ይህ ሞገድ ፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። በማንትሉ ውስጥ ግን ያልፋል። ስለዚህ ከእግራችን በታች የቀለጠ ባሕር የለም። ቅልጥ አለት የሚገኘው እዚህም እዚያም ነው እንጂ በሁሉም ቦታ አይደለም።

ሙቀቱስ? ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ምድር ስትሠራ የቀረ ነው። ሌላው በአለቱ ውስጥ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ቀስ በቀስ እየፈረሱ የሚለቁት ነው። ምድር ያንን ሙቀት ወደ ውጭ ማውጣት አለባት። ፕሌት መሥራትና ማስመጥ ዋናው መንገዷ ነው።

ከደብረ ሲና ስንወጣ ጋሼ በእጁ ወደ ታች አመለከተ። ይዛባ የሚባለው አካባቢ በዚያ ነው። በ1998 መስከረም መሬቱ ተንሸራቶ ከሺህ በላይ ቤት አጠፋ። ክረምቱ ያጠገበው፣ ስምጥ ሸለቆው የሰባበረው ተዳፋት ነው። "ሰው ተኝቶ እርሻው ሄደ" አለ። ከዚያ ለብዙ ደቂቃ ማንም አልተናገረም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15፤ ሸዋ ሮቢት

ሸዋ ሮቢት ሌላ አገር ነው። ወደ 1,300 ሜትር ወርደናል። ትናንት ጋቢ ደርቤ የነበርኩት ሴትዮ ዛሬ በአንድ ቀሚስ ላብ አጠመቀኝ። አልጋ 500 ብር፣ ንጹሕ ነው፣ ውኃው ግን ሌሊት ተቋረጠ። ጠዋት በጀሪካን አመጡልን። ፓፓያው ጣፋጭ ነው፣ ሽንኩርቱ ኪሎ 45 ብር። እንደኛ ሰፈር ቢሆን እጥፍ ነው።

ጋሼ ማሾውን የሚጭንለት ገበሬ አባት በር ላይ ተቀምጠው ነበር። አባባ አልኳቸው። ተወልደው ያደጉት ማጀቴ ነው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዓይናቸው ተለወጠ። "የሃምሳ ሦስቱን አይቻለሁ" አሉ።

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ። የአዲስ አበባውን ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን መዝግበው አጥንተውታል። አባባ ያኔ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። "ሌሊት ነው። ላሟ ቀድማ ጮኸች። አባቴ ሁላችንንም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሜዳ አወጣን። ሲነጋ ቤት የለም፣ ድንጋይ ብቻ። ከዚያ ብዙ ቀን በማሽላ አገዳ ጎጆ ውስጥ አደርን። መሬቱ በየቀኑ ያጉረመርማል።" ትንሽ ዝም አሉ። "ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይኸው የእንጨት ነው የሠራሁት።"

እኔ ልጠይቃቸው የመጣሁት እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። "ማነው የሚጎትተን?"

ስለ ዝተቱ ነገርኳቸው። ጫፉ የወረደ ፕሌት ይሮጣል። በ1975 እ.ኤ.አ. ፎርሳይዝና ኡዬዳ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፕሌቶቹን ሁሉ አነጻጸሩ። ፍጥነቱ ከፕሌቱ ስፋት ጋር አልሄደም። የሄደው ከሰመጠው ጫፍ ጋር ነው። የፓስፊክ ዳርቻ በብዛት ሰምጧል፣ ስለዚህ ፈጣን ነው። የአፍሪካ ዳርቻ ግን በአብዛኛው የውቅያኖስ መሃል ስንጥቅ ነው፣ አዲስ ወለል የሚወለድበት። የሰመጠ የሚባል ጫፏ በሰሜን፣ በሜዲትራኒያን፣ ከግሪክ በታች ያለው ትንሽ ነው። ለዚህ ነው የምትዘገየው። ለተማሪዬ የምመልሰው መልስ ይህ ነው። እሳታችን አላነሰም። ይህ ነው የሚባል ተንጠልጣይ ጫፍ የለንም።

"ታዲያ እኛን ማን ቀደደን?" አሉ አባባ። አያልፉም እኮ።

ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዐረቢያ። እሷ ጫፏ ወርዷል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ወደ ኢራን ሥር ስትሳብ ኖራለች፣ አሁንም እየሄደች ነው። ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ የከፈተው ይህ መሳብ ነው። ሁለተኛ፣ ከእኛ ሥር ከጥልቅ ማንትል የሚወጣ ትኩስ አለት አለ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋውን ያለበሰው የእሳተ ገሞራ አለት ከእሱ ነው የመጣው። ያ ትኩስ አለት አገሩን ከታች አነሳው። ከፍ ያለ ነገር ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ጎን መንሸራተት ይፈልጋል። ስለዚህ እኛን የሚቀድደን አንዱ የጎረቤት መሳብ፣ ሌላው የራሳችን ማበጥ ነው። የትኛው ይበልጣል የሚለው ላይ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ሁለቱም ባይኖሩ ኖሮ ጣርማበር ላይ ያ ገደል አይኖርም ነበር ባይ ነኝ።

"ስንት ይሄዳል በዓመት?"

"እዚህ በኩል አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር።" በጣቴ አሳየኋቸው። "ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እስከ ዛሬ ሦስት ሜትር ገደማ።"

አባባ ተነሱ። በከዘራቸው ከበሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ለኩ። "ይቺን ያህል" አሉ። የክፍሉ ስፋት ነበር። "ከዘርዓ ያዕቆብ ወዲህ ይቺን ያህል።" ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ስንሰናበት የማሾ ክክ በፌስታል ሰጡኝ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ጋዜጣውን ከፈትኩት። አሥሩም ጧፎች ጎብጠዋል። አልቀለጡም። ሰሙ አልፈሰሰም፣ ጋዜጣው ላይ ነጠብጣብ እንኳን የለም። ግን ዳሽቦርዱ በተጠማዘዘበት ቅርጽ ተጠማዝዘዋል። ጠጣር ናቸው፣ በሙቀትና በጊዜ ግን ፈስሰዋል። የማንትሉም አለት ይኸው ነው። ብመታው እንደ አለት ይጮሃል፣ ሚሊዮን ዓመት ብሰጠው ግን ይታጠፋል። ለተማሪዎቼ ይህን ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልምና ሁለቱን ለክፍል አስቀመጥኩ።

እሑድ፣ የካቲት 16፤ ወደ ቤት

ሽንኩርቱን ጭነን ዳገቱን በሌሊት ጀመርን። ጣርማበር ላይ ጉም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ። እትዬ ዶሮ አብስለው ጠበቁን፣ የመጨረሻዋ ቅበላ ናት። በግ ገበያው ተጨናንቆ ነበር። መለስተኛ በግ 9,000 ብር ብለው ሲጠሩ ሰማሁ። ጓደኛዬ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አረቄ አስገብታ ኖሮ ፍተሻው ላይ ነው ያወቅሁት። ፖሊሱ አሽትቶ "የደብረ ብርሃን ነው" አለና መለሰልኝ።

አዲስ አበባ የገባሁት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። እናቴ ጧፎቹን አየችና "ምን አደረግሻቸው?" አለች። አንዱን አንስቼ ቶሎ ላቃናው ሞከርኩ። ቀዝቅዞ ነበር፣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እናቴ ሌላውን ከእጄ ወሰደችው። በሁለት መዳፏ መሃል አድርጋ ስለ እትዬ ደህንነት እየጠየቀችኝ ቀስ እያለች ታሸው ጀመር። ስለ አንኮበር ነገርኳት፣ ስለ አባባ ቤት ነገርኳት። ወሬውን ሳልጨርስ ጧፉ ቀጥ ብሏል።